የእንግዳ አንቱታ

ባለቤቴን ያወቅኩት ካምደን ውስጥ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በሚሰጥ የቅዳሜ ትምህርት ላይ ነው። ለዜግነት ፈተና የምንዘጋጅ ሰዎች ነበርን። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው በተቀመጡት ፊት ሳያልፍ ቦታ አያገኝም። እሱ ዘግይቶ መጣ።

ሲገባ እኔ ሳላስበው ብድግ አልኩ። ደሴ ያደገ ሰው ሌላው ሲመጣ ዝም ብሎ ተቀምጦ አያይም፤ «ኖር» ይላል፣ ከወንበሩም ከፍ ይላል። ለንደን ከመጣሁ በኋላ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አድርጌ ብዙ ጊዜ አፍሬአለሁ፤ ሰው ወንበር የለቀቅኩለት ይመስለዋል። እሱ ግን አልተቀመጠበትም። ወገቡን ጎንበስ አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ዘርግቶ፣ «ታቤእ፣ ታቤእ» እያለ በፊታችን አለፈ። ቀና ብሎ ያየው የለም። ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። እኔ ብቻ አየሁት፤ እሱም እንደተነሳሁለት አየ።

በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ለምን ተነሳሽ?» አለኝ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱም አንቺም የለበትም፤ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቀኝ ግን አንቱ እንዳለኝ ገባኝ።

«አገሬ እንዲህ ነው የሚደረገው። አንተስ ለምን አጎነበስክ?»

«በተቀመጠ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ማለፍ ነውር ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከባሊ አጠገብ ካለችው ከሎምቦክ ደሴት የመጣ፣ ቋንቋው ሳሳክ የሚባል ሰው ነበር። መርከብ ላይ ምግብ እያበሰለ ዓለምን ከዞረ በኋላ ለንደን ቀርቶ እዚያው ካምደን አንድ ምግብ ቤት ይሠራ ነበር። እኔ ኬኒንግተን አንድ የመነጽር ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሁለታችንም ሙስሊም ስለሆንን ኒካሑ አላስቸገረንም። ምስክር የሆኑለት ክላፋም የሚኖሩ አንድ የአገሩ ሰው ነበሩ፤ በዕድሜ ይበልጡናል፣ እኔም ጋሼ እላቸው ነበር። ቃሉን አያውቁትም ግን ይወዱታል።

እናቱ ሎምቦክ፣ ትምባሆ በሚዘራበት ገጠር ናቸው። ልጃቸው ከእኔ ጋር እንደተጫጨ በስልክ ሲነግራቸው አጠገቡ ነበርኩ። ረጅም ነገር ተናገረ፤ እሳቸው ግን በየመሃሉ «እንጊህ… እንጊህ» ብቻ ይላሉ።

ስልኩ ሲዘጋ «ምን አሉ?» አልኩት።

«እንጊህ አሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አዎ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ተስማሙ!»

«ሰሙ» አለኝ።

ይህ ነገር የገባኝ ቀስ እያለ ነው። በሳሳክ «እንጊህ» ማለት የምትለውን ሰምቻለሁ፣ ቀጥል፣ አላቋርጥህም ማለት ነው። እሺታ ሊኖርበት ይችላል፤ ላይኖርበትም ይችላል። እምቢ ማለት የሚፈልግ ሰው እምቢ አይልም፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ወይም ዘመዶቹን ይጠይቃል። ያን ጊዜ ተናጋሪው ራሱ ይረዳና ነገሩን መልሶ ይወስደዋል። እናቱ እዚያው ሰፈር የምትገኝ አንዲት ልጅ አስበውለት እንደነበር ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው። አንድም ቀን ግን በቃል አላነሱትም።

በየእሁዱ ረፋድ ላይ በቪዲዮ እንደውላለን፤ እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ወሬው የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ወዴት ልትሄዱ ነው ይባላል፤ እውነተኛ መልስ አይፈለግም። ከዚያ በልታችኋል ወይ ነው፤ ባትበላም በልቻለሁ ትላለህ። ከዚያ «ሲላእ» ይመጣል፤ እንካችሁ፣ ግቡ፣ ብሉ፣ ሁሉም ነው። በመካከላችን ባሕር እያለ እናቱ ሳህኑን ወደ ስልኩ እያስጠጉ «ሲላእ» ይሉኝ ነበር። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ የሩቁ እንግዳ «በሞቴ አንዴ ቅመስ» ሲባል እያየሁ ያደግኩ ስለሆንኩ አልከበደኝም። «ጠግቤአለሁ እማማ» እላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ይጨምራሉ፤ እኔ እንደገና እግደረደራለሁ። ባለቤቴ መሃል ሆኖ ሲያስተረጉም ይስቅ ነበር።

ቋንቋውን መማር ጀመርኩ። ከባዱ ነገር ቃላቱ በሰው ልክ መሰፈራቸው ነው። እኛ «ይብሉ» እና «ብላ» ብለን የግሡን ቅርጽ እንለውጣለን፤ እነሱ ግን ቃሉን ራሱን ይለውጡታል። ታላቅ ሰው የሚበላበት ቃል አለ፤ እኔ የምበላበት ሌላ፣ ዝቅ ያለ ቃል አለ። ለራስ ከፍ ያለውን የተጠቀመ መሳቂያ ይሆናል፤ ለታላቅ ዝቅ ያለውን የተጠቀመ ደግሞ ስድ ይባላል።

እናቱ እኔን «ፐሊንጊህ» ነበር የሚሉኝ፤ ከፍተኛው አንቱታ ነው። በመጀመሪያ ሲሉኝ ልቤ በኩራት ሞላ። የልጃቸው ሚስት፣ በዕድሜም ልጃቸው ሆኜ አንቱ ይሉኛል! ደሴ ላለችው እናቴ ሳይቀር ደውዬ ነገርኳት። ባለቤቴ ግን አልተደሰተም። ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ተነስቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ።

«ጥሩ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ጥሩ ነው። እንግዳ ናት ማለታቸው ነው። እንግዳ ይከበራል።»

«ልጄ ነሽ ለማለትስ ምን ያደርጋሉ?»

«ሲደ ይሉሻል። የቤት ሰው የሚባለው እንደዚያ ነው። እኛ ግን አንጠይቃቸውም። ይሉሻል ወይም አይሉሽም።»

ሁለት ክረምት «ፐሊንጊህ» እንደተባልኩ አለፈ። አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ከሥራ ቀረሁ። ስልኩ ሲጠራ እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ላይ መሆኑን አላወቁም። አስተርጓሚ የለኝም። ትኩሳት ስለነበረብኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉት ቃላት ተደባለቁብኝ፤ በልተዋል ወይ ልል ስል ለትንንሽ ልጆች የሚባለውን ቃል ተጠቀምኩ። «ጎረስሽ ወይ ሚጢጢ» እንደማለት ነው። ወዲያው ታወቀኝ። አፌን ያዝኩ። እሳቸው ግን ሳቁ። የራስ መሸፈኛቸው ወደ ኋላ እስኪወድቅ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዲት ጎረቤት ጠርተው ነገሯት፣ እሷም ሳቀች። እንባቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ወደ ስልኩ ቀረብ አሉና «አዎ ጎረስኩ። ሲደስ? ሲደ ታመሻል እንዴ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉኝ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እንደገና በይው» አለኝ። ደገምኩለት። ሳይስቅ፣ ሳያለቅስ፣ እጄን ይዞ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ እሱን ወደ ጎን ትተን እኔና እሳቸው እንጫወት ጀመር። ይቆጡኝ ነበር። ቀጠንሽ ይሉኛል፣ ልጄን ጨው አታብዢበት ይሉኛል፣ ለምን እስካሁን አልወለዳችሁም ይሉኛል። ቁጣቸውን እንደ ስጦታ እቀበለው ነበር። እንግዳ አይቆጡም።

ባለቤቴ የሞተው በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ለጥቂት ቀናት ትከሻዬን አለኝ፤ ከባድ ድስት አንስቼ ነው ስላለ በዘይት አሸሁለት። ማክሰኞ ስነቃ ተኝቶ ሳይሆን አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ደረቱን በጨርቅ ሲጠርግ አገኘሁት፤ አልቦት ነበር። ሥራ ልሄድ ነው አለ። ልብሱን አልብሼ በታክሲ ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት። የድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል። ነርሷ ወጣት ናት፤ በትሕትና አነጋገረችው።

«ከአንድ እስከ አስር ሕመምህ ስንት ነው?»

ፈገግ አለ። «ሁለት» አላት። ከዚያ በአገጩ እጃቸው በፋሻ የታሰረ አንድ ሽማግሌ እያሳየ «እሳቸው ከእኔ ይብሳሉ። እኔ እጠብቃለሁ፣ ይቅርታ» አለ።

«ሁለት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ተቀምጦ ነው ያደረው። በሽታውን አይናገርም። እባክሽ ፊቱን እዪው።»

ነርሷ ቀና ብላ ፊቱን አየች። ካየች በኋላ አልዘገየችም፤ ወዲያው ሰው ጠራች፣ ተሽከርካሪ አልጋ መጣ። ሲያስተኙት አልጋውን ለሚገፋው ሰውዬ «አደከምኩህ» አለው። የሰማሁት የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው፤ ለማያውቀው ሰው የተነገረ ይቅርታ። በሩ ተዘጋ። ቀትር ሳይደርስ አንዲት ሐኪም ወጥታ ጸጥ ወዳለ ክፍል ስታስገባኝ፣ ወንበር ስትስብልኝ፣ ከመናገሯ በፊት አወቅኩ።

በነርሷ አልተቀየምኩም። ጠየቀች፣ ተመለሰላት። እዚህ አገር ሰው የተናገረው ነገር እንደተናገረው ይወሰዳል፤ ይህም አክብሮት ነው። በእሱ አገርና በእኔ አገር ግን ግማሹ መልስ የሚጠበቀው ከጠያቂው ነው። ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ጠያቂው ያንን ተቀብሎ ከንፈሩን ያያል፣ የእጁን ሙቀት ይነካል፣ ወጥቶ ለቤተሰቡ «አልተሻለውም» ይላል። ባለቤቴ «ሁለት» ሲል ቀሪውን የሚሞላለት ሰው ይጠብቅ ነበር። እኔ ሞላሁለት። አልደረሰም እንጂ።

አሁን መርዶው ቀረ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይሄዳሉ፣ ቤቱ በሰው ከተሞላ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። ስልኬን ይዤ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። ወዴት ልትሄጂ ነው ሲሉኝ ምን ልበል? ሞተ የሚለውም ቃል ሁለት ሦስት ዓይነት ነው። ልጃቸው ስለሆነ ዝቅ ያለው ይባላል? ባሌ ስለሆነ ከፍ ያለው? ሁልጊዜ የምጠይቀው እሱን ነበር።

ክላፋም ላሉት ጋሼ ደወልኩላቸው። ድምፄን ሲሰሙ ምንም አልጠየቁኝም። «ቆይ፣ አትደውዪላቸው። እኔ ታናሽ ወንድሙን አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ይግባላቸው» አሉኝ። የእኛው ሥርዓት ነው፤ በሌላ ቋንቋ። ወንድሙ ጎረቤቱን ሰበሰበ። ሴቶቹ ሩዝ ይዘው ሲገቡ እናቱ በር ላይ ቆመው ማነው ሳይሆን «የትኛው ልጄ ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ።

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ከኋላቸው የብዙ ሰው ቁርዓን ይሰማል።

«ኢናእ» አልኩ። እናቴ ማለት ነው።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ «ሲደ፣ በላሽ ወይ?» አሉኝ።

«በላሁ ኢናእ። እርስዎስ?»

«እኔም በላሁ።»

ሁለታችንም አልበላንም ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚህ በላይ መነጋገር አልቻልንም፤ ግን አንዳችንም ስልኩን አልዘጋንም። ቁርዓኑን እየሰማን ቆየን። ካፅናኑኝ ሁሉ፣ ቤቴን ከሞሉትና «አብሽሪ» ካሉኝ ሁሉ በላይ ያቆመኝ ያ ውሸት ነው።

ቀብሩ እዚሁ ለንደን ሆነ፤ በእምነታችን አይዘገይም፣ እሳቸውም ሊደርሱ አይችሉም። እነሱ እዚያ ዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርገው ሰው አበሉ፤ እኔ እዚህ ሰደቃ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ መደወሌን አላቆምኩም። ብዙ አናወራም። ዝናቡን ይነግሩኛል፣ ብርዱን እነግራቸዋለሁ። ስሙን አንጠራም። አንዳንዴ ግን እሱ የሚወደውን ምግብ ስም ያነሱና ዝም ይላሉ፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ዝም እላለሁ።

ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን ጊዜ ስጨርስ፣ እሳቸው ራሳቸው ደወሉ። ቪዲዮ ነው። ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ታናሽ ልጃቸው አጠገባቸው አለ። ሲናገሩ ከወረቀት የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

«ፐሊንጊህ ብዙ ደክመዋል» አሉኝ። «ልጃችንን በደህና ይዘውልናል። ፐሊንጊህን እናመሰግናለን። የእኛ ቤት ሩቅ ነው፣ መንገዱም አይመችም። ስለ እኛ ብለው አይቸገሩ።»

መጀመሪያ የተሳሳቱ መሰለኝ። ከዚያ እንደ አገሬ አደረግኩ፤ ተግደረደርኩ። «ኧረ ኢናእ፣ ምን ችግር አለው፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም?» አልኩ። «እንጊህ» አሉ። እንደገና፣ በየእሁዱ እደውላለሁ አልኩ። «እንጊህ» አሉ። በእኔ አገር ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሲለምን በሩ ይከፈታል። ለሦስተኛ ጊዜ ስለምናቸው ስለ ትምባሆው ምርት ማውራት ጀመሩ።

ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቆምኩ። ምን እንደተባልኩ አላወቅኩም። ጨዋነት ነው ወይስ ስንብት? «ጠግቤአለሁ» እንደሚል እንግዳ ልገፋ ይገባኛል ወይስ ልተው? ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ትርጉማቸውን የሚነግረኝ ሰው ግን መቃብር ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክላፋም ሄድኩ። ጋሼ ሻይና ኦቾሎኒ አቀረቡልኝ፤ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት ጠየቁኝ። እኔም ለሁሉም መለስኩ፤ ከበር እንደገቡ ጉዳይን መናገር ነውር እንደሆነ ተምሬአለሁ። ሻዩ ሲያልቅ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እናት ናቸው፣ አዝነዋል» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሲናገሩሽ… ምን ብለው ነው የጠሩሽ?»

«ፐሊንጊህ።»

የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «እንግዲያው የምራቸውን ነው።»

«ተቀይመውኝ ነው?»

«በፍጹም። ቢቀየሙማ ሲደ እያሉ ይቆጡሽ ነበር። ስሚኝ ልጄ። ልጅ አልወለዳችሁም። አንቺ ገና ነሽ። ሲደ እያሉ ቢቀጥሉ የልጃቸው ሚስት እንደሆንሽ ትቀሪያለሽ፤ ሌላ ቤት ለመሥራት ታፍሪያለሽ። በሩን ከፈቱልሽ።»

«እኔ እኮ ልውጣ አላልኩም!»

«አላልሽም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቅ የለም። ሳትጠይቂ መለሱልሽ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። «ሲደ በሉኝ ብዬ ብለምናቸውስ?»

«ይሉሻል» አሉ። «እምቢ ማለት አያውቁም። ግን አንድ ልጅ ቀብረዋል። ይህን ሲወስኑ ደግሞ አንቺን ቀብረዋል። መልሰሽ እንዲያወጡሽ ካደረግሽ ሁለተኛ መቅበር አለባቸው። አንቺ ታውቂያለሽ።»

በአውቶቡስ ወደ ኬኒንግተን ስመለስ መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ። አንዲት ሴት መሐረብ ሰጠችኝ፤ ምንም ሳትጠይቀኝ ወረደች። አለመጠየቋ ይሁን መሐረቧ፣ አላውቅም፣ እንደገና አስለቀሰኝ። ቤቴ ስደርስ አልለምናቸውም ብዬ ወሰንኩ። እሁድ መደወሌንም ተውኩ። የመጀመሪያዎቹ እሁዶች የት እንደምቀመጥ እንኳ አላውቅም ነበር።

አሁን የምደውለው ለዒድ ብቻ ነው፤ ለዒድ ማንም ለማንም ይደውላል። ያለፈው ዒድ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ደወልኩ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ተነሳ፣ ከኋላው ሳቅና የሳህን ድምፅ አለ። የታናሽ ወንድሙ ሕፃን እሳቸው ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ፀጉራቸው ሳስቷል፣ ጥርሳቸውም ቀንሷል። አንድ ሰው ከውስጥ ማነው ብሎ ጠየቀ። እሳቸው ዞር ብለው «ከለንደን ናቸው» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «ፐሊንጊህ ጤናዎ እንዴት ነው? በልተዋል?»

«በልቻለሁ። እርስዎስ?»

«በልተናል። ሲላእ፣ ሲላእ» አሉና የሕፃኑን እጅ ይዘው ወደ ስልኩ አወዛወዙት። እኔም እጄን አወዛወዝኩ። ደህና እንዲቆዩ በትልቁ ቃል ተመኘሁላቸው፤ ለራሴ ትንሹን ቃል፣ ለእሳቸው ትልቁን ቃል ተጠቀምኩ። እያንዳንዱ ቃል በቦታው ነበር። ድሮ ቢሆን አንዱን አበላሽቼ አስቃቸው ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ገና ረፋድ ነው። የዒድ ልብሴን ለብሼ፣ የሰፈራችን ሴቶች ፓርኩ ውስጥ ስለሚሰበሰቡ ዳቦዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤቴ አገኘችኝና በእንግሊዝኛ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እሺ ብላኝ አለፈች።